የሃጂ ዐቦኮር ወፍራም ገመድ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ለሙስሊሙ አንባቢ ዋላሂ፣ ለክርስቲያኑ በእመብርሃን፣ በሁለቱም ለማይረካ ደግሞ በባጃጄ ሞተር እምላለሁ። ጅጅጋ ውስጥ «ተሜ ነው የነገረኝ» ከተባለ ሰው ወሬውን ግማሽ ቀንሶ እንደሚሰማ አላጣሁትም። ይቺን ግን አትቀንሱ፤ ከቀነሳችሁ ሌባውን አታገኙትም።

ነገሩ የሆነው ኮሮና አልፎ ሰው እንደገና መጨባበጥ በጀመረበት ዓመት ነው። ጁምዓ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ሃጂ ዐቦኮር ሳሎን ምንጣፉ ላይ ጋደም ብለን ዘፈን እያዳመጥን ሳለ፣ የሃጂ መቁጠሪያ ከእጃቸው ሾልኮ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ገባ። ሃጂ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። መቁጠሪያውን ሳያወጡ እዚያው እንዳጎነበሱ ቀሩ።

ወገባቸውን ያዛቸው ብዬ ልነሳ ስል ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ገመዴን ወሰዱት» አሉ።

ስለ ገመዱ ካልነገርኳችሁ የሰውየው ሐዘን አይገባችሁም። ሃጂ ድሮ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሱቁን ለዘመድ ከተዉ ወዲህ ሥራቸው ማዳመጥ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ደረቴ ድረስ የሚመጡ ሁለት ስፒከሮች፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው አምፕሊፋየር፣ ግድግዳ ሙሉ የድሮ የሶማሊኛ ካሴት አለ። ከሰዓት በኋላ ጫታችንን ይዘን እንሰበሰባለን፤ እንደ ክራር በክር የሚመታው ዑድ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ማውራት ክልክል ነው። ያሳለ ሰው እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል።

ገመዱን ከዱባይ ያመጣው የወንድማቸው ልጅ ነው። ድምፅ የሚያስተላልፍ እንዳይመስላችሁ። መብራት ከግድግዳው ወስዶ ለአምፕሊፋየሩ የሚሰጥ ገመድ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ግን ውፍረቱ የእኔ ክንድ፣ ላዩ እንደ እባብ ቆዳ የተጠለፈ፣ ጫፉ የሚያብለጨልጭ ነው። ሃጂ ሲያብራሩ «መብራቱን አጥቦ፣ አበጥሮ ያስገባዋል» ይላሉ።

በጉዳዩ ላይ ጉባኤያችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን ጉሃድ ነው። ጉሃድ ዑድ ሲመታ ያረጀ ሰው ነው፤ ጆሮውን እንደ ዲግሪ ያሳያል። «ገመዱ ከመጣ ወዲህ ዘፋኟ ምራቋን ስትውጥ ይሰማኛል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ባህሩ ነው፤ ከመሀል አገር መጥቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የከፈተ።

«ሃጂ፣ ይህ መብራት ተራራና ቆላ አቋርጦ በተራ ሽቦ ተንጠልጥሎ ነው የመጣው» ይላል ባህሩ። «መጨረሻ ላይ ሁለት ክንድ ወፍራም ገመድ ቢያገኝ ምን ይጨመርለታል?»

«ያንተ ጆሮ የተሠራው ለስልክ ነው» ይለዋል ጉሃድ።

«አንድ ቀን ደብቄ እቀይረዋለሁ። ማንኛችሁም አትሰሙም።»

ይህችን ዛቻ ሁላችንም ሰምተናል። በዚያ ጁምዓ ደግሞ ባህሩ አልነበረም። እኔ ባጃጅ ነጂው ተሜ ከየትኛውም ወገን አልነበርኩም። የምመጣው ለሻሂው ነው።

*

ሃጂ ፖሊስ ጠሩ፤ ኢንስፔክተር ዐዎ መጣች። የጅጅጋ ልጅ ናት። ሰውነቷ ትንሽ ነው፣ ድምፅዋም ትንሽ ነው፤ እንድትሰማት ጎንበስ ማለት አለብህ፤ ጎንበስ ካልክ ደግሞ ያላሰብከው ወሬ ከአፍህ ያመልጥሃል። ከሃጂ ጋር የተነጋገረችው በሶማሊኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከሚገባው በላይ አንደበተ ርቱዕ ቢሆንባችሁ አትገረሙ።

«ዋጋው ስንት ነው፣ አዴር?» አለች። አዴር ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ እንደዚህ ብላ የጠራችው ሰው ይፈራል።

ሃጂ በሩን ዘግተው ዝቅ አሉላት። «የአንዲት የምትታለብ ግመል ዋጋ። ግን ልጄ፣ ይህ ነገር ወደ ሴቶቹ በኩል አይሂድ። የዕቃ ነገር ነው። እነሱ የሰርግ ጣጣ አለባቸው። ‹የመሣሪያ ዕቃ ጠፋ› ብያቸዋለሁ፣ ይበቃል።»

«በእኛ አገር በወዳጅ መሀል ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ ሽማግሌ ይጠራል። ፖሊስ የሚመጣው ሽማግሌ ሲደክመው ነው። እርስዎ ለምን በእኔ ጀመሩ?»

«ሽማግሌ ወሬ ያበዛል።»

ዐዎ ራሷን ነቀነቀች፤ አመነች ማለት አልነበረም። ወደ እኛ ዞረች። «ገመዱን መጨረሻ ያየው ማን ነው?»

ያየ የለም። የአምፕሊፋየሩ ጀርባ አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ተሸፍኗል። ጉሃድ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አላየሁም፤ ሰምቻለሁ» አለ። «ሐሙስ ማታ ገመዱ ነበር። በጆሮዬ እመሰክራለሁ። ያን ቀን የዑዱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ገና የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ዑዱን ጉንፋን ይዞታል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

«ሃጂን ላለማሳዘን።»

ሃጂም እንደዚያው መሰከሩ። እኔም ሐሙስ ዕለት ድምፁ ወርቅ እንደነበረ ማልኩ። ሐሙስ ዕለት እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ሃጂ ቀጠሉ። ሐሙስ ማታ የተኙት እዚያው ሳሎን ነው። ጠዋት ቆልፈው ሲወጡ፣ እንግዳ ቢመጣ እንድትከፍት ቁልፉን ለልጃቸው ለኢልሃን ሰጧት። ከጁምዓ ሶላት በፊት አንድ እንግዳ መጣ፤ ብቻውን ተቀምጦ ሲጠብቅ ቆየና ሃጂን ሳያገኝ ሄደ።

«ማን?»

ሃጂ ለመናገር ምራቃቸውን ዋጡ፤ እሱን ያለ ገመዱም ሰማነው።

«ሊባን። የልጄ እጮኛ።»

ኒካሁ የታሰበው ለመጪው ሐሙስ ነው። ሊባን የከብት ሐኪም ረዳት ነው፤ ቀብሪበያ ገበያ ግመል ይከትባል፤ ሰው ሁሉ የሚወደው ልጅ ነው።

ዐዎ ወደ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ሄዳ ጨርቁን ገለጠች። በወፍራሙ ገመድ ቦታ አንድ ቀጭን ጥቁር ገመድ ተሰክቷል። ከመብራት ማከፋፈያው ነቅላ አየችው። ማከፋፈያው ያገኘውን ሁሉ የሚቀበል ዓይነት ነው።

«የዚህ ሶኬት ጥርሱ ጠፍጣፋ ነው» አለች።

«ሌባው ተራ ገመድ ተክቶ ነው የሄደው» አሉ ሃጂ።

«ሌባ ተክቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።» መልሳ ሰካችው። ከዚያ ወደ እኔ። «አንተ ነህ ተሜ? ፍየል ቀለም ቀብተህ የዱባይ ዝርያ ናት እያልክ ያስጎበኘኸው?»

«በውሃ የሚለቅ ቀለም ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

«በዚህ ሰፈር ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ ያንተ ስም ነው የሚነሳው። መኪናችን ጋራዥ ናት። ስለዚህ አንተ ታሽከረክራለህ፣ እኔም አይንህን አያለሁ። አስነሳ።»

እንዲህ ነው በአንድ ቀን ተጠርጣሪም የፖሊስ ሹፌርም የሆንኩት። ለየትኛውም አልተከፈለኝም።

ስንወጣ ኢልሃን በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባቴ ‹ሊባን እውነቱን እስኪናገር ኒካህ የለም› አለ» አለችን። «ሊባን ምን አጠፋ? የጠፋው ምን ዓይነት ዕቃ ቢሆን ነው?»

ሃጂ ከኋላችን እህ ብለው ሳሉ። ዐዎ የሃጂን ሳል ሰማች፣ ኢልሃንን አየች፣ «እሱን ነው የምፈልገው» ብቻ ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

*

ባህሩን በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት አገኘነው። ጫማውን ገና የመንገድ አቧራ አልለቀቀውም።

«የሃጂ ገመድ ጠፋ» አለችው።

ባህሩ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ከፊቱ ሄደ። «እኔ ነኝ እንዳትሉኝ።»

«ደብቄ እቀይረዋለሁ አላልክም?»

«ብያለሁ። ለወሬ ያህል ነው እንጂ ላደርገው አልነበረም። ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ አዲጋላ ነበርኩ። የሚስቴ አጎት አርፈው ለቅሶ። ከፈለግሽ ደውይ፤ ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ።»

እዚያው ደወለች። አዲጋላ ያለ ሰው ባህሩን ብቻ ሳይሆን የበላውንም ጭምር ቆጠረላት። ገመዱ ሐሙስ ማታ ከነበረ፣ ባህሩ ንጹህ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ዐዎ። «ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ገመድ ትሸጣለህ?»

«ማን ይገዛኛል? የእኛ ግድግዳ ክብ ጥርስ ነው የሚቀበለው። ጠፍጣፋው ከድንበር ማዶ ከሚመጣ ዕቃ ጋር ነው የሚገባው፤ ከቶጎ ውጫሌ። ሰው ዕቃውን ያስቀርና ገመዱን ይጥለዋል፣ ወይ ክብ ጥርስ ፍለጋ እኔ ጋ ይመጣል።»

«ሰሞኑን የመጣ አለ?»

«የለም።»

ይህችን ጥያቄ እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም። ያኔ ሱቁ ውስጥ ያለውን ብስኩት እያየሁ ነበር።

*

ቀብሪበያ በሚኒባስ ሄድን። እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ «አንተን ጅጅጋ ትቼ ብመለስ ከተማዋን አላገኛትም» ብላ።

ሊባን ገበያው ውስጥ እጅጌውን ሰብስቦ አንዲት ነጭ ግመል ይከትባል። ግመሏ ግራ ጆሮዋ እስከ መሀል የተሰነጠቀ ነው። መርፌ እየወጋት እንኳ አንገቷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ልብሱን ታሸታለች። እኔ ባጃጅ ስነዳ የገጠመኝ ግመል ሁሉ የሚተፋብኝ ስለሆነ ቅናት ያዘኝ።

ዐዎ ማን እንደሆነች ነገረችው። ሊባን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ግመሏን ገፋ አድርጎ ከሌሎቹ ጀርባ መደበቅ ነው።

«ይቺ ትንሽ ታማለች» አለ።

«ጁምዓ ዕለት ሃጂ ቤት ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«ሃጂን ላናግር።»

«ስለምን?»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«አጎት ዐቦኮር ሌባ ነህ እያሉህ ነው። ሰርግህ ሊቀር ነው። ኢልሃን በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ከዚህ የሚበልጥ የግል ጉዳይ አለህ?»

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። መርፌውን ጠረገ፣ ደጋግሞ ጠረገ። «ገመዱን አልነካሁም፣ እህቴ። ለምን እንደሄድኩ ግን መናገር አልችልም። የእኔ ምስጢር ቢሆን እነግርሽ ነበር።»

«የማን ነው?»

መርፌውን ይዞ ወደሚቀጥለው ግመል ሄደ።

በመልሱ ጉዞ ሚኒባሱ ውስጥ «ነገሩ አለቀ በቃ» አልኳት። «ንጹህ ሰው ዝም አይልም። እኔ ንጹህ ስሆን መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?»

«አንተ መቼ ንጹህ ሆነህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ከዚያ እስከ ጅጅጋ ድረስ በመስኮቱ ሜዳውን እያየች ሄደች። ከተማ ስንገባ «ተሜ፣ የባጃጅህ አሮጌ ሰንሰለት አለ?» አለች።

ባጃጅ ሰንሰለት የለውም። ነገር ግን አንድ ወዳጄ ሞተር ብስክሌት ነበረው። ያመጣሁት የእሱን ነው፤ እስካሁን ሰንሰለቱን ይፈልጋል።

*

በበነጋው ከአሱር በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ሃጂን፣ ጉሃድን፣ ባህሩን። እኔ በእሷ ትእዛዝ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፌ ገባሁ። ጉሃድ ሲያየኝ ከምንጣፉ ተነሳ። ሃጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ዐዎ ምንም አላለችም። እኔም አላልኩም፤ ይህን ያህል ዝም ማለቴ ራሱ ለታሪክ የሚበቃ ነው።

ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ገባሁ። ማሽኑን አጠፋሁ፣ ትንሽ አቃሰትኩ፣ አበራሁ፣ ጨርቁን መልሼ ጣልኩ።

«አሁን ስሙና የምትሰሙትን ንገሩኝ» አለች ዐዎ።

ሃጂ የሚወዱትን ካሴት ከተቱ። ዑዱ ተጀመረ። ጉሃድ ዓይኑን ጨፈነ። ዘፋኟ ገባች። ከጉሃድ ጉንጭ ላይ እንባ ወረደ።

«ተመለሰ» አለ። «ጉንፋኑ ለቀቀው። ይኸው፣ ይኸው እዚህ ጋ የጥፍሩ ድምፅ። ሰማችሁ? ትናንት ይህ ጥፍር አልነበረም።»

«መጋረጃ የተነሳ ያህል ነው» አሉ ሃጂ። «እሷ እዚያ፣ ዑዱ እዚህ። በመሀላቸው ሰው ያልፋል።»

«እኔ እንደ ድሮው ነው የሚሰማኝ» አለ ባህሩ።

«ጆሮህን አዲጋላ ረስተኸው መጣህ» አለው ጉሃድ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዐዎ ጨርቁን ገለጠች። ያው ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ቀጭን ገመድ፣ እንደተሰካ። አጠገቡ፣ ግራሶ እንደተቀባ፣ የሞተር ብስክሌት ሰንሰለት።

ጉሃድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰንሰለቱ ረድቶት ይሆናል» አለ።

«እኔ የመጣሁት ጆሮ ልከስ አይደለም» አለች ዐዎ። «ስለ አንድ ልጅ ነው። ሊባን የተጠረጠረው ገመዱ ሐሙስ ማታ ነበር በመባሉ ብቻ ነው። ምስክራችሁ ደግሞ ጆሮ ነው። አሁን ልጠይቃችሁ። ገመዱ ሐሙስ እንደነበረ የሚያውቅ ማን ነው? ረቡዕስ? ያለፈው ጁምዓስ?»

ሃጂ ወደ ጉሃድ ዞሩ፤ ጉሃድ ወደ ካሴቶቹ ዞረ።

«እንግዲያው አዲጋላ አያድነኝም ማለት ነው» አለ ባህሩ ቀስ ብሎ።

«አያድንህም። ተሜንም መተኛቱ አያድነውም።»

ይህችን ከየት እንዳወቀች አልገባኝም።

ዐዎ ቀጭኑን ገመድ ነቅላ በእጇ ጠቀለለችው። «ሁላችሁም የጠፋውን ገመድ ስትፈልጉ የቀረውን ያየ የለም። ይህ ከቶጎ ውጫሌ አዲስ ዕቃ ጋር የመጣ ነው። ሌባ ሊሰርቅ ሲመጣ ከቶጎ ውጫሌ ገመድ ይዞ አይመጣም። አዴር፣ ሰሞኑን እዚህ ቤት ከማዶ ምን ገባ?»

«ምንም» አሉ ሃጂ። ከዚያ ቆም ብለው፣ «ለሙሽሪት ከተገዛው በቀር» አሉ።

*

የሃጂ ሚስት ቢሻሮ ጓሮ ውስጥ ለሰርጉ ድግስ ሰፌድ ሙሉ ሽንኩርት ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ሰርጉ ይቁም አይቁም ባይታወቅም ሽንኩርቱ ይላጣል። ዐዎ አጠገቧ ተቀምጣ ቢላ ተቀበለች። እኔ በር ላይ ቆምኩ።

«ኢዶ፣ ባልዎ ምን ጠፋኝ አሉዎት?» አለች። ኢዶ ማለት አክስቴ ማለት ነው።

«የመሣሪያ ዕቃ። መርፌው ይሁን ልቡ እንጃ። ለዚህ ብሎ ልጄን ያስለቅሳል? ግመሌን ጅብ ሲበላት እንኳ እኔ እንዲህ አልሆንኩም።»

«የትኛዋን ግመል?»

«ነጯን። ቱሊ ጉሌድ ወረዳ ዘመድ ጋ የነበረችውን። ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ወተቷ እንደ ማር የሆነ። ዐቦኮር አይቷት መጣ፤ አጥንቷን እንኳ አልተወውም አለ።»

እኔ የበሩን መቃን ያዝኩ። ዐዎ ሽንኩርት መላጧን ሳታቋርጥ፣ «ያሳዝናል» አለች። ከዚያ፣ «ለኢልሃን ከቶጎ ውጫሌ ምን ምን መጣላት?»

«ብርድ ልብስ፣ ሳህን፣ የሩዝ ማብሰያ…»

«የሩዝ ማብሰያው ገመዱ ምን ዓይነት ነበር?»

«ጠፍጣፋ ጥርስ። ልጄ በአዲስ ቤቷ ግድግዳ ላይ የማይገባ ነገር ይዛ ትሂድ? ሳሎን ካለው የዐቦኮር መሣሪያ ጀርባ አንድ ወፍራም ገመድ አገኘሁ፤ ክብ ጥርስ፣ ጠንካራ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል። ስጠይቀው ‹ከማሽኑ ጋር በነጻ የመጣ ነው› ብሎኝ ነበር። አንዱን በአንዱ ቀየርኩት። ገጠመ።»

«መቼ ነው?»

«ዕቃው የመጣ ዕለት። ከሁለት ጁምዓ በፊት። ሳጥኑን ቆልፌዋለሁ።» የአንገቷን ቁልፍ ነካች። ከዚያ እጇ አንገቷ ላይ ቀረ። «የጠፋው ገመድ ነው እንዴ? ገመድ ነው ብሎ ማን ነገረኝ?»

የሙሽሪት ሳጥን ሙሽሪት ቤቷ ሳትገባ ወንድ አያየውም ስለተባለ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ስለዚህ የወንጀሉ ትልቁ ማስረጃ ሲገለጥ እኔ በጆሮዬ ብቻ ነው የተከታተልኩት፤ የቁልፍ ድምፅ፣ የመክደኛ ድምፅ፣ የላስቲክ መንኮሻኮሽ፣ ከዚያ የዐዎ ትንሽ ሳቅ። እንደ ጉሃድ ብሆን ገመዱን ራሱን እሰማው ነበር።

«እዚህ ነው» አለች።

ሁለት ጁምዓ ሙሉ ዘፋኟ ምራቋን ስትውጥ የሰማናት በሩዝ ማብሰያ ገመድ ነው።

*

ዐዎ ሃጂን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደቻቸው። እኔ ባጃጄን ከአጥሩ ማዶ መጥረግ ያለብኝ መሰለኝ።

«ገመዱ ተገኝቷል። ሌባም የለም። ሚስትዎ ናቸው፣ ሳያውቁ ነው» አለች።

ሃጂ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «አወቀች? ዋጋውን?»

«አላወቁም። ስንት ያወጣል አሉኝ፤ ባልዎን ይጠይቁ አልኩ።»

«በአላህ።»

«ግመሏም ደህና ናት። ቀብሪበያ፣ አዲስ ባለቤት ጋ። ክትባቷን ወስዳለች።»

ሃጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሊባን ያውቃታል፤ ሲከትባት አገኘኋት። ጁምዓ ዕለት የመጣውም እርስዎን ሊያስጠነቅቅ ነው። ሚስትዎ ለሰርጉ ፍየል ሊገዙ ቀብሪበያ ይሄዱ የለ? ግመላቸውን በቁሟ እንዳያዩዋት። ልጁ ሌባ ተባለ፣ ሰርጉ ሊቀር ሆነ፣ ኢልሃንን ሊያጣ ሆነ፣ እርስዎን ግን አላወጣም።»

ሃጂ ሲያለቅሱ ሰማሁ። እሱን ለመስማት ምንም ገመድ አያስፈልግም።

*

አሁን ሽማግሌ የግድ ሆነ። ሶማሌ ንጹህ ሰው ከሰደበ ሐል ይከፍላል፤ ሐል የበደል ካሳ ነው፣ የተበደለው ሰው ፊት ቀና እንዲል። ልጁን ሌባ ብሎ ሰርጉን ያቆመ አማች ቀላል ሐል አይጠብቀውም። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ በበሩ በኩል ቆመው ያዳምጣሉ፤ ቢሻሮ ከፊት ናት።

ሃጂ ተነስተው በሁሉ ፊት «በድዬሃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «የጠየቅከውን እሰጣለሁ።»

«ለትንሽ ገመድ ብሎ» አለች ቢሻሮ ከበሩ። «ቆይ፣ ይህ ገመድ ግን ስንት ቢያወጣ ነው ፖሊስ የተጠራለት?»

የሃጂ አንገት ትከሻቸው ውስጥ ገባ። ገመዱ መሀል ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ ይዘውት ወደ ሳሎን ቢመለሱ ጥያቄው ሳሎን ድረስ ይከተላቸዋል፤ ከጥያቄው ኋላ ደግሞ ግመሏ ትመጣለች።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ሊባን ዞረ። «ወርያ፣ አንተ ልጅ፣ ሐልህ ምንድን ነው? ተናገር፤ በሬም ብትል መብትህ ነው።»

ሊባን ሃጂን አየ። ከዚያ ቢሻሮን አየ። ፊቱ ላይ ፈገግታ መጣ።

«በሬ አልፈልግም» አለ። «ሐሌ ይህ ገመድ ነው። ኢዶ ለሩዝ ማብሰያችን መርጠውት የለ? የእናት እጅ የሰጠውን መልሼ አላወጣም። እንደነበረው ሳጥኑ ውስጥ ይግባ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ለሌብነት ስድብ አንድ ገመድ?» አለ አንዱ። «ይህ ሐል ነው ወይስ ምጽዋት?»

«ለእኔ ይበቃኛል።»

«ይኸው» አለች ቢሻሮ፣ «ልጁን እዩት፣ እንዴት ያለ ቁጥብ ነው። በነጻ የመጣ ገመድ ሲጠይቅ።» ዋጋ መጠየቋን እዚያው ረሳች።

ሃጂ ገመዱን በሁለት እጃቸው አንስተው ለሊባን ሰጡት። ከዚያ ልጁን አቅፈው ቶሎ አለቀቁትም። ሰው ሁሉ ስለ ስድቡ ይቅርታ የሚሉ መሰለው። ዐዎና እኔ ግን የምስጋናውን ርዝመት እናውቃለን።

ኒካሁ በቀኑ ሆነ። ፍየሎቹን ለመግዛት ቀብሪበያ የሄደው ሊባን ራሱ ነው፤ «ኢዶ አይድከሙ» ብሎ።

ሳሎናችን ጠፍጣፋ ጥርስ ባለው ገመድ ይሠራል። ጉሃድ ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ድምፁ እንደተሻሻለ ይናገራል፤ ባህሩ መከራከር ትቶ ዓይኑን እየጨፈነ ማዳመጥ ጀምሯል። ዐዎም አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፤ ሻሂዋን ይዛ ከሁሉ ይበልጥ ጸጥ ብላ የምትሰማው እሷ ናት።

አንድ ቀን ኢልሃን ምሳ ጠራችን። ወፍራሙ ገመድ ወጥ ቤት ጥግ ላይ እንደ ዘንዶ ተጋድሞ ሩዝ ያበስላል። ሃጂ አንድ ጉርሻ ወሰዱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቀስ ብለው አኘኩ።

«እያንዳንዱ ፍሬ ለየብቻው ነው» አሉ። «በመሀላቸው ሰው ያልፋል።»

ሊባን ሳቁን በውሃ ዋጠው።

እንግዲህ እንዳልኳችሁ ሁሉም እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬበታለሁ፤ ቢሻሮ በቅርቡ አማርኛ ማንበብ መማሯን ሰምቼ ሕሊናዬ እረፍት ነሳኝና ልናገር። የግመሏን ነገር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቀብሪበያ ምንም ነጭ ግመል አልነበረችም። ጅብ ነው የበላት፣ ኢዶ። አጥንቷን እንኳ አልተወውም።